የእናቴ ፊት የጠፋበት ቪዲዮ

የእናቴን ሙት ዓመት ያወጣነው አዲስ አበባ፣ እኔ ቤት ነው። እሷ ያረፈችው በ2016 ዓ.ም. ዘመሮ፣ እዚያው መንዝ፣ መንገዱ እንደ ልብ በማይኬድበት ጊዜ ነበር። ለቀብሯ አልደረስኩም። ዓመቷም ሲደርስ መሄድ ስላልቻልን ዘመድ ወዳጅ እኛው ዘንድ ተሰበሰበ። ጸሎቱ ተደርሶ፣ ጸበል ጸዲቁ ተቀምሶ፣ ሰው ወደ ጨዋታ ሲመለስ ትልቋ ልጄ፣ “አባዬ፣ የአያቴ ቪዲዮ አለህ አይደል? ለምን አታሳያቸውም?” አለችኝ።

ነበረኝ። በጥር 2015 ዓ.ም. ለጥምቀት ዘመሮ ሄጄ ሳለ በስልኬ የቀረጽኩት አሥራ አራት ደቂቃ ነው። ከዚያ በፊት ሁለት ሦስት ጊዜ በስልኬ ላይ አይቼዋለሁ፤ ግን እያየሁ አልነበረም፤ እየሰማሁ ነበር። ወደ ፍላሽ አስገልብጬው ስለነበር ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካሁት። ቤቱ ጸጥ አለ። የእናቴ ድምፅ መጣ፤ እንደ ወትሮዋ ሳል ሳል እያደረጋት፣ የአባቴን የልጅነት ነገር፣ የእኛን አስተዳደግ፣ የድርቁን ዘመን ታወራለች። ድምፁ አንድም ቃል አልጎደለበትም። ምስሉ ግን ሌላ ነው። መሃል ላይ እንደ ፀሐይ የሚያበራ ነጭ በር አለ። በሩ ፊት ደግሞ አንድ ጥቁር ጥላ ተቀምጧል። ነጠላውና ትከሻው ይለያል። እጁ እንዝርት ሲያሽከረክር ይታያል። ፊት የለውም።

ስድስት ዓመት የሞላት ትንሿ ልጄ ጠጋ ብላ አየችና፣ “አያቴ ፊቷ የት ሄደ?” አለች።

እሷን አያቷ በአካል አላየቻትም። መልስ አጣሁ። ከሰው ፊት ላለማልቀስ ቡና ይፈላ እንደሆነ ለማየት ተነሳሁ።

ይህን የምጽፈው ያን ቀን ያጣሁትን መልስ በኋላ ስላገኘሁት ነው። ከእናንተም ብዙዎቻችሁ ገጠር ያሉ አባት እናት፣ አያት፣ አክስት እንዳሏችሁ አውቃለሁ። ስልካችሁንም ይዛችሁ ለበዓል ትሄዳላችሁ።

መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሆነ ልናገር። የመንዝ ቤት የምታውቁት ታውቁታላችሁ። አገሩ ብርድ ነው፤ ስለዚህ የድንጋዩ ግድግዳ ወፍራም፣ በሩ ጠባብ ነው፤ መስኮቱ ካለም ትንሽ ነው። ጣሪያው ቆርቆሮም ይሁን የጓሳ ሣር፣ ግድግዳው በውስጥ በኩል ከዘመናት ጭስ የተነሳ ጠቁሯል። ውጭው ደግሞ ደጋ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ የጥር ፀሐይ ዓይን ትወጋለች፤ ከጥላ ሲገቡ ግን ወዲያው ይጨልማል።

ስገባ እናቴ ከውስጥ፣ ከምድጃው አጠገብ፣ መደቡ ላይ አስቀመጠችኝ። የእንግዳ ቦታ ነው። እሷ ሱፍ መፍተል ስለፈለገች በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጠች፤ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ፣ ብርሃኑ በትከሻዋ ላይ አልፎ እጇ ላይ እንዲያርፍ። ዕድሜ ልኳን እንዲያ ነው የፈተለችው። የመንዝ ባና የሚሠራበትን ሱፍ የሚፈትሉ ሴቶች ሁሉ እንዲሁ ይቀመጣሉ። እኔም ከተቀመጥኩበት ሳልነሳ ስልኬን አወጣሁና መቅረጽ ጀመርኩ። እሷ ለሥራዋ ልክ ነበረች። እኔም ለእንግድነቴ ልክ ነበርኩ። ቦታው ግን ለካሜራ ከሁሉ የከፋው ቦታ ነበር።

ያኔ ለምን አላየሁትም? ስላየኋት ነው። የእኔ ዓይን ፊቷን በደንብ ያይ ነበር፤ ሽብሽቧን፣ ግንባሯ ላይ ያለውን የመስቀል ንቅሳት፣ ሁሉንም። የሰው ዓይን ወደ ጨለማው ሲዞር ይሰፋል፣ ወደ ብርሃኑ ሲዞር ይጠብባል። አእምሯችን ደግሞ የሁለቱን አገጣጥሞ አንድ ሥዕል ያደርግልናል። ካሜራ ይህን አይችልም። በአንድ ቅጽበት በአንድ መጠን ብቻ ነው የሚያየው።

ይህን ያስረዳኝ ሰፈራችን ውስጥ ያለ የሠርግ ቪዲዮ ቀራጭ ነው። ፍላሹን ይዤለት ሄጄ ፊቷን ማውጣት ይቻል እንደሆነ ጠየቅኩት። አንድ ጊዜ አየውና፣ “ጋሼ፣ እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት ከቬሎና ከጥቁር ሱፍ ጋር ስጣላ ነው። የርስዎም ችግር ያው ነው” አለኝ። ለሙሽራዋ ቬሎ ብርሃኑን ከመጠነ የሙሽራው ሱፍ የከሰል ክምር ይሆናል። ለሱፉ ከመጠነ ቬሎው ጥልፉ ጠፍቶ ነጭ ወረቀት ይመስላል። በጣም ብሩህ ከሆነው እስከ በጣም ጨለማ ከሆነው ድረስ ካሜራው በአንዴ ሊይዝ የሚችለውን ስፋት ባለሙያዎቹ ዳይናሚክ ሬንጅ ይሉታል።

እንዲህ አድርጎ ነበር ያስረዳኝ። ከሌንሱ ኋላ ያለው ዳሳሽ ግቢ ውስጥ እንደተደረደሩ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ትንንሽ ማሰሮዎች ነው። ብርሃኑ ዝናብ ነው። ካሜራው ለጥቂት ጊዜ ይከፍትና እያንዳንዱ ማሰሮ ስንት እንደያዘ ይለካል። ሞልቶ የፈሰሰ ማሰሮ ምን ያህል እንደዘነበ አይናገርም፤ “ሞላሁ” ብቻ ነው የሚለው። እናቴ ጀርባ ያለው በር እንዲያ ሆነ፤ አጥሩም፣ ባሕር ዛፉም፣ ሰማዩም አንድ ነጭ ሆኑ። ጠብታ ብቻ የገባበት ማሰሮ ደግሞ የዝናብ ይሁን የጤዛ አይለይም። ጨለማው ቦታ ላይ አሸዋ የተበተነ የሚመስለው ነገር ይኸው ነው።

ስፋቱን የሚቆጥሩት በእጥፍ ነው። አንድ ደረጃ ማለት ብርሃኑ እጥፍ ሲሆን ነው። አሥር ደረጃ ማለት ሁለትን አሥር ጊዜ ማባዛት ነው፤ ከጨለማው ይልቅ ብርሃኑ 1,024 ጊዜ ይበልጣል ማለት ነው። የእጅ ስልክ ቪዲዮ ሲቀርጽ የሚይዘው አሥር ደረጃ አካባቢ ነው። ለፊልም ሥራ በ2010 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣው አሪ አሌክሳ የተባለው ካሜራ 14 ያህል ይይዛል። የጥር ፀሐይ ያረፈበት የመንዝ ደጅና ጭስ ያጠቆረው ጓዳ ግን ልዩነታቸው በብዙ ሺህ እጥፍ የሚቆጠር ነው። ስለዚህ አንዱ መጥፋቱ አይቀርም። ጥያቄው የትኛው ይጥፋ ነው።

ይህን ጥያቄ እኔ ስላልመለስኩት ስልኬ መለሰው። ስልኩ ምስሉን በጠቅላላ አይቶ ወደ አማካይ ያመጣዋል። ሰፊና ብሩህ በር ሲያይ “በዝቷል” ብሎ ሁሉንም ያጨልማል። ነጭ ነጠላ ደግሞ ይጨምርበታል፤ የእኛ እናቶች የጠይም ፊት በነጭ ነጠላ ተከቦ ነውና ሜዳ ላይ እንኳ ፊታቸው የሚጠቁረው በዚህ ነው። ነገሩ የቆየ ታሪክም አለው። በፊልሙ ዘመን ኮዳክ ለፎቶ ቤቶች የሚልካቸው የቀለም ማመሳከሪያ ካርዶች ለብዙ አሥርት ዓመታት የነጭ ሴት ፎቶ ነበር ያለባቸው። የቆዳ ቀለም ልክ የሚባለው በእሷ ነበር የሚለካው። ዛሬ ስልኮቹ ብዙ ተሻሽለዋል፤ ግን አሁንም በሩንና እናቴን እኩል ነው የሚያዩት። ማን እንደሚበልጥ የሚያውቀው ስልኩን የያዘው ሰው ነው።

ቀራጩ ያን ቀን ሌላም ነገር ጠየቀኝ፤ “በስንት ፍሬም ነው የቀረጹት?” አላወቅኩም። አይቶ ነገረኝ። በሰከንድ 60። የእህቴ ልጅ፣ ዘመሮ የሚኖረው፣ “ጋሼ፣ ይኼ ጥራት አለው” ብሎ ያስተካከለልኝ ነበር። ስልክ ሻጩም እንደዚያ ነው የሚለው፤ ቁጥሩ ሲበዛ የተሻለ ይመስለናል።

ቪዲዮ በተከታታይ የተነሱ ፎቶዎች ነው። እያንዳንዱ ፎቶ ፍሬም ይባላል። ሲኒማ ድምፅ ከገባበት ጊዜ ጀምሮ በሰከንድ 24 ፍሬም ሲጠቀም ኖሯል። ከዚያ በፊት የነበሩት ድምፅ አልባ ፊልሞች በዝቅተኛ ፍጥነት፣ ብዙ ጊዜም በእጅ እየተዘወሩ ስለተነሱ፣ በኋላ በ24 ሲታዩ ሰዎቹ የሚሮጡ ይመስላሉ። የእኛ አገር ቴሌቪዥን የተከተለው የአውሮፓን 25 ነው። የቀራጩ ነጥብ ይህ ነበር፤ ማሰሮዎቹን አስታውሱ። በሰከንድ 25 ፎቶ ካነሳችሁ እያንዳንዱ ማሰሮ ቢበዛ ለአንድ ሃያ አምስተኛ ሰከንድ ዝናብ ላይ ይቆያል። በ60 ከሆነ ከግማሽ ያነሰ ጊዜ ነው የሚያገኘው። በ240 ከሆነ አንድ አሥረኛ ያህል። ደጅ ላይ ዝናቡ ዶፍ ነውና ይበቃዋል። ጨለማ ቤት ውስጥ ግን ለፍጥነት የሰጣችሁት ሁሉ ከብርሃን የሚቀነስ ነው። እኔ ጠብታ በጠፋበት ቤት ውስጥ ማሰሮዬን በስልሳ ከፍዬ አስቀመጥኩት።

ፍጥነት መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። በቦታው ሲሆን የሚያሳየውን ዓይን አያይም። ከዚያው ከሰሜን ሸዋ የወጣው፣ ጃቶ የተወለደው አበበ ቢቂላ በ1964 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ቶኪዮ ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ሲያሸንፍ ጃፓናዊው ኮን ኢቺካዋ ለኦሊምፒኩ በሠራው ፊልም ውስጥ ከሩቅ ሌንስ አቅርቦ፣ ሩጫውን አዝግሞ አሳይቶታል። ዝግታው የሚመጣው ካሜራው በሰከንድ ብዙ ፍሬም አንስቶ በተለመደው ፍጥነት ሲታይ ነው። የልጅ ልጆቻችሁ ሜዳ ላይ ሲሯሯጡ፣ ጎረምሶቹ በገና ዋዜማ ገና ሲጫወቱ፣ ፈረስ ሲጋልብ፣ ፀሐይ ካለ 60ውንም ስሎው ሞሽኑንም ተጠቀሙበት። ተቀምጦ ለሚያወራ ሽማግሌ ግን 25 ወይም 30 ይበቃዋል። የእናቴ እንዝርት ዙሪያው ድብዝዝ ብሎ ቢታይም ምንም አይደል፤ በዓይናችንም ሲሽከረከር እንዲያ ነው የምናየው።

በዚያው ሰሞን የተቀረጸ ሌላ ቪዲዮም ነበር። ከአሜሪካ የመጣች የአጎቴ ልጅ የጥምቀት ዋዜማ ማታ ቤት ውስጥ ዘመድ ሲጨፍር ቀርጻለች። ምስሉ ላይ ጥቁር መስመሮች ከላይ ወደ ታች እየወረዱ ያልፋሉ። ስልኩ ተበላሽቷል ብለን ነበር፤ ስልኩ ደህና ነው። የእኛ አገር መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ስለዚህ ብዙ ርካሽ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ደመቅ ደብዘዝ ይላሉ፤ ዓይን አያየውም። አሜሪካ ግን 60 ነው፤ ምቱም 120 ይሆናል። ካሜራው ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ ከምቱ ጋር ሳይገጥም ሲቀር መስመር ይወጣል። አንድ ሃምሳኛ ወይም አንድ መቶኛ ሰከንድ ሲሆን ይጠፋል። ብዙ ስልኮች ራሳቸው ያውቁታል። ካላወቁ በካሜራው ማስተካከያ ውስጥ 50 ኸርዝ የሚለውን መምረጥ ነው። አይፎን ላይ ደግሞ ፓል የሚባለውን ስታበሩት 25 ፍሬም ይመጣላችኋል።

ወደ እናቴ ልመለስ። ቀራጩ ጨለማውን ለማንሳት ሁለት ቀን ታገለ። እንዲህ አለኝ፤ “የፈሰሰውን ማሰሮ ማንም አይመልሰውም፤ በሩ ላይ የነበረው ነገር ሄዷል። ጨለማው ውስጥ ግን ትንሽ ነገር ይኖራል።” በሁለተኛው ቀን ማታ አንድ ነገር አሳየኝ። አሸዋ በበዛበት ምስል ውስጥ የጉንጯ መስመርና ስትስቅ የሚያበራው ጥርሷ ይታያል። ከዚያ በላይ አልወጣም። ገንዘብ አልቀበልም አለኝ። “በቀረጻው ጊዜ አንድ እርምጃ ቢነሱ ኖሮ እኔ አላስፈልግም ነበር” አለ። ሊያጽናናኝ ነው፤ እኔን ግን እስካሁን የሚያቃጥለኝ ይኼ ነገር ነው። አንድ እርምጃ።

ዘመሮ የአባቴ እህት አሉ። ከዚያ ትውልድ በቤታችን የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። እኔ መሄድ ባልችልም የእህቴ ልጅ እዚያው ነው፤ ኔትወርክ በተገኘ ቀን ደወልኩለትና የተማርኩትን አንድ በአንድ ነገርኩት። መጀመሪያ ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ ጥረግ፤ የምድጃ ጭስና ቅቤ የነካው ጣት ሌንስ ላይ ካረፈ ብርሃኑን ሁሉ ያደበዝዘዋል። ፍሬሙን ወደ 25 ወይም 30 መልሰው። ኤችዲአር የሚለውን ቪዲዮው ላይ አጥፋው፤ ጨለማውንና ብርሃኑን ለማስታረቅ ይረዳል፣ ግን የእኔ ቴሌቪዥን አሮጌ ነውና ቀለሙ የነጣ ሆኖ ይታያል። ስልኩን አግድም ያዘው፤ እጅህ እንዳይንቀጠቀጥ የሆነ ነገር ላይ አስደግፈው። ከሁሉ በላይ ግን አንተ በሩ ላይ ሁን፣ እሳቸው ወደ በሩ ይዙሩ። ብርሃኑ ፊታቸው ላይ ይረፍ። ከዚያ ስክሪኑ ላይ ፊታቸውን በጣትህ ነካና ቁልፍ ምልክቱ እስኪመጣ ወይም “ተቆልፏል” እስኪል ተጭነህ ያዘው። ያን ካደረግህ ሰው በደጅ ቢያልፍም ስልኩ ሐሳቡን አይቀይርም። ነጠላቸው ከነጣብህ ብርሃኑን ትንሽ ዝቅ አድርገው፤ ፊታቸው እስካልጠፋ ድረስ።

ልጁ ሁሉንም አደረገ። አስቸጋሪው አክስቴን ማሳመን ሆነ። እሳቸው እንግዳን በር ላይ አያስቀምጡም። “ና ወደ ውስጥ ግባ እንጂ፣ ልጄ፤ በር ላይ የሚቆመው ለማኝ ነው” ሲሉት በቪዲዮው መጀመሪያ ላይ ይሰማል። እሱም፣ “እቴቴ፣ እኔ የቤት ልጅ አይደለሁም እንዴ? ፊትዎን ጋሼ ማየት ይፈልጋሉ” ይላቸዋል። ትንሽ ዝም ይላሉ። ከዚያ ነጠላቸውን ያስተካክሉና፣ “በል እንግዲያው፤ አዲስ አበባ ካለው ጋር ላውራ” ብለው ቀጥ ብለው ወደ በሩ ያያሉ።

ሃያ ሁለት ደቂቃ ነው። ልጁ እንደመከርኩት በቴሌግራም እንደ ፋይል አድርጎ ላከው፤ እንደ ተራ ቪዲዮ ከተላከ ተጨምቆ ጥራቱ ይወርዳልና። ለመውረድ አንድ ሌሊት ፈጀ። ጠዋት ልጆቼን ጠርቼ ቴሌቪዥኑ ላይ ከፈትኩት። ከአክስቴ ኋላ ያለው ቤት ጨልሟል፤ ምድጃውም መደቡም አይለይም። ፊታቸው ግን አለ። ሽብሽባቸው አለ። እንባ ሲያቀርሩ ዓይናቸው ሲያበራ ይታያል። አክስቴና እናቴ አብሮ አደግ ናቸው፤ የአንድ ዘመን፣ የአንድ ሰፈር ልጆች። ግንባራቸው ላይ ያለው ንቅሳት አንድ ዓይነት ነው። በአንድ ቀን፣ በአንዲት ሴት እጅ የተነቀሱት ነው።

ትንሿ ልጄ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ ንቅሳቱን ነካችው።

“አያቴም ይኼ ነበራት?”

“አዎ፤ እዚያው ቦታ ላይ” አልኳት።

“እንግዲህ አሁን ያኛውን ክፈተው” አለች። የጥላውን ቪዲዮ ከፈትኩላት። ድምፁን እየሰማች፣ ጥቁሩን ፊት ትክ ብላ አየችው። ይህን ጊዜ የት ሄደ ብላ አልጠየቀችም።

እናንተ ለሚመጣው በዓል የምትሄዱ ከሆነ፣ ደርሳችሁ ከተቀመጣችሁበት የእንግዳ ቦታ ተነሱ። አንድ እርምጃ ነው። በሩን ከኋላችሁ አድርጉና እነሱን ወደ ብርሃኑ አዙሯቸው።